የታጠበ ጠገራ

ሻጭ የሆነ ሰው ሁሉ አጣቢ ነው። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ ጠዋት ጅጅጋ ከብት ተራ ብቅ ማለት ይበቃል። ፍየሉን ሊሸጥ ያመጣ ሰው ገዢ ሲጠጋ የፍየሏን ጀርባ በመዳፉ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል። አሮጌ አይሱዙ የሚሸጥ ሰው ሞተሩን ከማስጠገኑ በፊት ጎማውን ጥቁር ቀለም ይቀባል። ቲማቲም ሻጯ እያንዳንዷን ቲማቲም በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ ትደረድራለች። እኔ በጸሐፊነት የምሠራበት ቢሮ እንኳ ከበላይ እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ አቧራ የጠጣው መጋረጃ ወርዶ ይታጠባል። እስከ ዛሬ ስለ መጋረጃ የጠየቀ እንግዳ አላየሁም።

እናቴ በዚህ ሙያ ማንም አይደርስባትም ነበር። አባቷ በወታደርነት ወደ ጅጅጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ከእሱ የወረሰችውን የብር መስቀል ጥምቀት ሲቃረብ በሎሚና በአመድ ታሽና ከጸሐይ የወደቀ ቁራጭ ታስመስለዋለች። ብር ሲጠቁር ባለቤቱን ያሳጣል ትል ነበር። መስቀሉን ከነእምነቱ አወረሰችኝ። ይህ እምነት የሰው ግመል ሊገድል እንደሚችል ግን አልነገረችኝም።

አዎ፣ ግመል ነው ያልኩት። ታገሱኝ፣ እደርስበታለሁ።

ግቢያችንን የምንጋራት ኤዶ ሀዋ ትባላለች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የእኛ ሰፈር ልጆች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የምንጠራት እንዲሁ ነው። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማችን ስትታመስ በራችን ላይ ወንበር አውጥታ የተቀመጠች እሷ ናት። መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀመጠች፣ በቃ። የክርስቲያን ቤት እየፈለጉ የመጡት ሰዎች አይተዋት አለፉ። ከዚያ በኋላ፣ ከአንድ ጊዜ በቀር፣ ስለዚያ ቀን አንስታ አታውቅም፤ እኛም ለማመስገን የሚበቃ ቃል ስንፈልግ ዓመታት ሄዱ።

ታዲያ ዝናቡ ደጋግሞ በቀረበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሀርሺን በኩል ከብት የሚጠብቀው ልጇ ጉሌድ መደወል አበዛ። ፍየሎቹ አለቁ። ላሞቹ አለቁ። የቀሩት ሁለት እንስት ግመሎች ናቸው፤ አንደኛዋ የምትታለብ ናት፣ የጉሌድ ልጆች የሚጠጡት የእሷን ወተት ነው። ድርቆሽና ውሃ የጫነ መኪና ከደረሰላቸው ይተርፋሉ፣ ካልደረሰ የለም። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የተወሳሰበ አልነበረም።

ኤዶ አሥራ አንድ ጠገራ ብር ነበራት። ያቺን ደረተ ሙሉ ንግሥት የተሸከመውን፣ አያቶቻችን ሚስት ያገቡበትን፣ ጠመንጃ የገዙበትን የማርያ ቴሬዛ ብር ታውቁታላችሁ። ከእናቷ ነው የወረሰችው። አብራት የምትኖረው የልጅ ልጇ ሆዳን ስታገባ አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ፣ ለእያንዳንዱ ማንጠልጠያ ጆሮ አሠርታ፣ አንገቷ ላይ ልታስርላት ነበር ሐሳቧ። እስከዚያ ግን ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ያለ ጆሮ፣ ያለ ቀዳዳ፣ እንደ ከሰል ጠቁረው ይኖሩ ነበር።

አንዷን አውጥታ ለሙክታር አሳየችው። ሙክታር ወርቅና ብር የሚገዛ፣ በመያዣም ገንዘብ የሚያበድር ባለሱቅ ነው። ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው፤ አንጥረኛ የሚያቀልጠውን ብር በሚዛን ይገዛል፣ ለጅቡቲው ደንበኛው የሚልከውን አሮጌ ሳንቲም ግን በዓይን። የዓይኑ ዋጋ ከሚዛኑ እጥፍ ይበልጣል። የኤዶን ጠገራ አገላብጦ አየ፣ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ሰማ፣ ሌሎቹም እንደዚህ ከሆኑ በዓይን እወስዳለሁ አላት። ኤዶም በዚያ ቃል ተማምና ከአንድ ሾፌር ጋር ተነጋገረች። ማክሰኞ ሊነሣ ተስማሙ።

እሑድ ከሰዓት ጥቅሉን ይዛ እኔ ቤት መጣች። ሆዳን እንዳታይ እኔ ዘንድ እንዲያድር፣ ሰኞ ጠዋትም አብሬያት ሱቅ እንድሄድ ፈለገች። ለናሙና ያሳየቻት አንዷ ሻሿ ጫፍ ላይ ተቋጥራ ቀርታ ነበር፤ አሥሩን አስረከበችኝና ሄደች።

ጥቅሉን ፈታሁት። አይ ጥቁረት! ንግሥቲቱ አፍንጫዋ እንኳ አይታይም። እኔ ደግሞ የዚያችን ሴት ውለታ ልመልስ መመኘት ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ፤ መንገዱ ጠፍቶብኝ እንጂ። እናቴ በጆሮዬ መጣች። ብር ሲጠቁር ባለቤቱን ያሳጣል። ይህች የተከበረች ሴት ነገ ገበያ ፊት እንዲህ ያለ ጥላሸት ልትዘረጋ ነው?

ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩና ሎሚ ቆረጥኩ።

ከሰዓቱን ሙሉ አሸሁ። ጥፍሬ ውስጥ አመድ ገባ፣ ጣቴ በሎሚ ተቃጠለ፣ ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም። መጀመሪያ ዘውዷ ወጣ፣ ከዚያ ጸጉሯ፣ ከዚያ ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ። ጀርባው ላይ ያለው ባለ ሁለት ራስ ንስር ክንፉን ዘረጋ። አሥሩንም በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሬ ሳያቸው እንባዬ መጣ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አንድ ጊዜ እንኳ ለኤዶ የሚገባትን ሠራሁ ብዬ።

ጠዋት ስትመጣ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ከዚያ አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ይቺ ሴትዮ እንዲህ ቆንጆ ናት እንዴ?» አለች። «እናቴ ይህን ፊት ሳታይ ሞተች።»

መርቃኝ ተነሣን። እስከ ሱቁ ድረስ ጥቅሉን እኔ ነኝ የያዝኩት፤ ልክ የእኔ ሠርግ ይመስል።

ሙክታር ጨርቁን ሲፈታ ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ዛሬም አልረሳውም። ቁጣ አልነበረም። ሐኪም የምርመራ ውጤት ሲያነብ እንደሚያደርገው ነበር። አንዱን አነሣ፣ አስቀመጠ፤ ሌላውን አነሣ፣ አስቀመጠ።

«ማነው ያጠበው?» አለ።

አፌን ስከፍት ኤዶ ቀደመችኝ። «ምን ሆነ?» አለችው።

ሙክታር አንገቱን ደፋ። «አቦ ኤዶ፣ የጅቡቲው ሰውዬ የሚገዛው ጥቁሩን ነው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፣ ወላሂ እኔም አልገባኝም። ብሩንማ እዚያም ሞልቷል፤ ቆሻሻውን ነው የሚገዛው። አንዴ ከታጠበ፣ እኔ ብወስድለት እንኳ መልሶ ይልክብኛል።» ከዚያ ሚዛኑን ሳብ አደረገ።

ለመንኩት። ሶማሊኛዬ የገበያ ሶማሊኛ ነው፤ ለሽንኩርት ይበቃል፣ ለልመና ግን ያጥራል፤ በአማርኛ ጨመርኩበት። ተመልሶ አይጠቁርም ወይ አልኩት። ፈገግ ሊል ፈልጎ ተወው። ይጠቁራል አለ፣ ኤዶ እናቷ ባስቀመጠችበት ሳጥን እናቷ ያስቀመጠችውን ያህል ዘመን ብታስቀምጠው።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን በልጅነቴ ነው ያጠናሁት፤ የገባኝ ሙክታር ሱቅ ነው።

አሥሩ በሚዛን ሄዱ። ለአንጥረኛ ማቅለጫ። ኤዶ ግን ሻሿ ጫፍ ላይ የቋጠረቻትን፣ ያልታጠበችውን አንዷን፣ ሙክታር በዓይን ዋጋ ልውሰድልሽ ቢላት እንቢ አለች። እኔ ውስጤ ተቃጠለ፤ ከጠፋው ላይ ትንሽም ቢሆን ይመለስ ነበር። ወጥተን ስንሄድ ለምን አልኳት። በአንዷ መኪና አይንቀሳቀስም አለች፤ ልጅቷ ግን ምን ልታስር እንደነበረ አንዷን እንኳ ማየት አለባት።

መኪናው ማክሰኞ አልተነሣም። ሾፌሩ በግማሽ ክፍያ ሀርሺን አልወርድም አለ፤ እውነቱን ነው፣ ነዳጁን ማን ይሰጠዋል። ኤዶ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተዳብላ ሌላ መኪና እስክታገኝ ቀኑ ገፋ። ድርቆሹ ሲደርስ የምትታለበዋ ግመል ሞታ ነበር። ሌላይቱ ቆማ ነበር ይላል ጉሌድ፤ ድርቆሹን አሸተተችው፣ ከዚያ ተኛች፤ አልተነሣችም። ዛሬ ጉሌድ ከነልጆቹ ጅጅጋ ገብቶ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ባጃጇን ሲያጥባት ከመስኮቴ አየዋለሁ። ማየት አልወድም፤ ግን አያለሁ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ? ድርቁን ሊያዩ ከሩቅ የመጡ እንግዶችን አጅቤ ማስታወሻ እንድይዝ ቢሮዬ ላከኝ። የሄድንበት መንደር ሰዎች እንግዳ ይመጣል ሲባሉ ከየሳጥናቸው ያላቸውን ልብስ አውጥተው ለብሰዋል። የልጆቹ ፊት በዚያች ባለቀች ውሃ ታጥቦ ቅባት ተቀብቷል። አንደኛው እንግዳ ወደ መኪናው ስንመለስ፣ እንደተወራው የከፋ አይመስልም አለ። እጄ ደብተሩ ላይ ቆመ። ሮጬ ተመልሼ፣ እባካችሁ ጥቁረታችሁን መልሱ፣ ይህ ሰውዬ በዓይን ነው የሚገዛው ልላቸው አማረኝ። በምትኩ ለእንግዳው አንድ በአንድ አስረዳሁት፤ ቅባቱን፣ ሳጥኑን፣ ውሃውን። በትህትና አዳመጠኝ። ዓይኑ ግን ያየውን አይቷል።

እኔ እንግዲህ ስለ ጠገራው ለጉሌድ ልነግረው ቆርጬ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበን የኤዶን እግር ሕመም ስንጠይቅ ሆዳን ቀደመችኝ። አያቴ እኮ ጠገራዎቹን ያምሩ ብላ አጥባ አበላሸቻቸው አለች፣ እየሳቀችም እያዘነችም። ሴቶቹ ኤዶን ተረባረቡባት። እድሜ ልክሽን ነግደሽ ይህን አታውቂም? አሮጊት በሎሚ ተጫወተች አሏት። ኤዶ አብራቸው ሳቀች። እኔ ብድግ ልል ስል፣ ሳቋን ሳታቋርጥ እጄን ያዘች፤ ያዘችው ስል ደግሞ ጨመቀችው ማለቴ ነው።

ሴቶቹ ሲወጡ ለምን በራስሽ ላይ ጫንሽው አልኳት።

«ጉሌድ ልጄ ነው፣ ከእኔ ጋር አይጣላም» አለች። «ሌላው ሰው ግን፣ የሐበሻዋ ጎረቤት የሀዋን ግመሎች ገደለች ይላል። ከዚያ አንዱ ለአንዱ፣ አንዱ ለአንዱ። በዚህች ከተማ ወሬ ምን እንደሚያደርግ አይተናል አይደል? እኔ ደግሞ አሁን እግሬ ያመኛል። ደጅ ላይ ብዙ መቀመጥ አልችልም።»

ስለዚያ ቀን ስታነሳ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዝም አልኩ። ዛሬም ዝም እንዳልኩ ነው። እዚህ ስጽፈው ስማችንን ሁሉ ቀይሬዋለሁ፤ ጉሌድም ጉሌድ አይባልም። ይህ ጥንቃቄ ይባላል ወይስ ፍርሃት፣ እናንተ ፍረዱ። እኔ አንዳንድ ቀን አንዱን፣ አንዳንድ ቀን ሌላውን እለዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ሆዳን አገባች። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ኤዶ እያነከሰች ቤቴ መጣችና የሻሿን ጫፍ ፈታች። ያቺው ጥቁሯ። አንጥረኛው ጆሮ ሊሠራላት ነው፤ ሆዳን በአሥራ አንዱ ፋንታ አንዷን በክር ልታስር ነው። መዳፌ ላይ አስቀመጠቻት። እጄን ልመልስ ስል ጣቶቼን ራሷ አጠፈቻቸው።

«እጠቢያት» አለች። «ይቺ አትሸጥም።»

ሎሚ ቆረጥኩ። አመድ ነፋሁ። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ያቺን አንዲት ጠገራ ከአሥሩ አብልጬ አሸኋት፤ ንግሥቲቱ ከነጌጧ፣ ንስሩ ከነላባው ወጥቶ ዓይን እስኪወጋ ድረስ። ዋጋዋ እስኪወድቅ፣ ሙክታርም የጅቡቲው ሰውዬም፣ በምንም ክፉ ዘመን፣ በዓይን እንዳይገዟት።