ዓይን እምቢ ያለው ሠዓሊ

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ስለ መተዳደሪያው ስትጠይቁት ያዛጋል፤ ከሥራ ሲወጣ ስለሚያደርገው ነገር ከጠየቃችሁት ግን ምሳችሁ ይቀዘቅዛል፣ አውቶቡስ ያመልጣችኋል፣ ያቀፋችሁት ልጅ ክንዳችሁ ላይ ያድጋል። አንዱ እርግብ ያረባል፣ ሌላው የቆየ ሬዲዮ ሲፈታታ ይውላል። ለእኛ ሕንጻ የደረሱን ክቡር ሠዓሊ ናቸው። መተዳደሪያቸው ቧንቧ ጥገና ነው።

እውነት ለመናገር በቧንቧ የሚያህላቸው የለም። ግድግዳው ላይ ጆሮአቸውን ለጥፈው የቱ ጋ እንዳመመው ይነግሯችኋል። ችግሩ የሚመጣው ከጠገኑ በኋላ ነው። ቤቱን የተከራየን ሰሞን የዕቃ ማጠቢያዬ ከሥሩ ያንጠባጥብ ነበር። ገቡ፣ ተንበረከኩ፣ ጎማውን ቀየሩ። ከዚያ መፍቻቸውን እንደያዙ ቀና አሉና፣

"እስቲ ዞር በይልኝ ልጄ" አሉኝ።

"ምን ሆንኩ ጋሼ?"

"ምንም። ትከሻሽ ለሥዕል ይሆናል። ከኋላ ማለቴ ነው።"

ሌላ ወንድ ቢለኝ በመጥበሻ ነበር የምመልስለት። እሳቸው ግን መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ኮስተር ብለው ነው የተናገሩት።

ይህ "ከኋላ" የሚሉት ነገር ምክንያት አለው። ክቡር ሠዓሊ ዓይን እምቢ ብሏቸዋል። አፍንጫ ይሆንላቸዋል፣ ጆሮ ይሆንላቸዋል፤ እጅማ ሲስሉ ልትጨብጡት ይዳዳችኋል። ዓይን ላይ ሲደርሱ ነገር ይበላሻል። አንዴ የሕንጻውን ዘበኛ ከፊት ሳሉት። ዘበኛው ሥዕሉን አይቶ "እኔ እንዲህ የደነገጥኩት መቼ ነው?" ብሎ ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ ወዲህ የሚሳለው ሁሉ ጀርባውን ይሰጣል። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ስትገቡ ረጅም ሰልፍ መጨረሻ ላይ የደረሳችሁ ይመስላችኋል።

ከሰዎቹ አጠገብ የሚስሉት ቧንቧ ግን ጉድ ነው። ብሎኑ፣ ዝገቱ፣ ልትወርድ የደረሰችው ጠብታ ሳትቀር በቦታዋ ናት።

"ቧንቧ አያፈጥበትማ!" ይላሉ ሚስታቸው እትዬ። "እኔን በሃያ ሁለት ዓመት ሰባት ጊዜ ሳለኝ፤ ሰባቱንም ልብስ ሳሰጣ ከኋላ። አንተ ሰውዬ፣ ፊት እንዳለኝ ታውቃለህ?"

"ቀስ ነው" ይመልሳሉ ክቡር ሠዓሊ፣ ብሩሻቸውን እያጠቡ። "አሁን አንገት ላይ ደርሰናል።"

ይህን "አንገት ላይ ደርሰናል" ሲሉ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እስቃለሁ እንጂ ያስቀኑኝም ነበር። ቀኑን ሙሉ በሰው እጣቢ ውስጥ ተንበርክከው ይውሉና፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ጥፍራቸውን ፈትገው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ያዘዛቸው የለም፣ የሚቆጣጠራቸውም የለም። እኔ ልጄ ከተወለደ ወዲህ ለራሴ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ፀጉሬን ማሰር ነው።

እናም የልጄ አንደኛ ዓመት ሲቃረብ፣ እጃቸውን የማፍታታ መስሎኝ፣ "ጋሼ፣ ልጄን ይሳሉልኝ። ከፊት" አልኳቸው።

ልጄን ያየ ሰው ምን እንዳዘዝኳቸው ይገባዋል። ልጄ ዓይን ብቻ ነው። የተቀረው አካሉ ዓይኑን እንዲሸከም የተሰጠው ነው የሚመስለው። ክቡር ሠዓሊ ላብ አላባቸው፤ ግን እሺ አሉ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሥዕል ከሥራ የተባረረ የአርባ ዓመት ሰው ወጣው። የሁለተኛው አንድ ዓይኑ መስኮቱን፣ አንዱ ምድጃውን ያያል። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጄን አጣጥቤ ብወርድ እትዬ ደረጃው ላይ አገኙኝ።

"ብሩሹን ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከቶታል። ሕፃን ልጅ ማየት ያቃተው ሰው ሠዓሊ አይባልም አለኝ።"

"ይመለሱበታል እትዬ።"

"ቀልድ አይደለም አንቺ! አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይታጠብና ባዶ እጁን መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ልብስ ሳሰጣ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም።"

ሃያ ሁለት ዓመት ሲያሾፉ የኖሩ ሴት ዛሬ አላሾፉም። ጥፋቱ የኔ መሆኑ ታወቀኝ። ሄጄ ብለምናቸው "ተይኝ ልጄ" እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ቧንቧ ሠራተኛ በምን እንደሚጠራ ግን ማን ያጣዋል? ልጄን አዘልኩና፣ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ገብቼ ማያያዣውን በእጄ አላላሁት። በመጠኑ ነበር ያሰብኩት፤ ውሃው ግን እንደ እኔ አላሰበም።

ጩኸቴን ሰምተው ክቡር ሠዓሊ በሩጫ ደረሱ። ሳይናገሩ ተንበርክከው አጠበቁት።

"ይሄ በራሱ አልተፈታም" አሉ።

ጎንበስ ብዬ ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ። በውሃው ደንግጦ ሲያለቅስ የነበረው ልጄ ደክሞት ጀርባዬ ላይ ዝም አለ። ጨርቁን ልጨምቅ ቀና ልል ስል፣

"እንዳትነቃነቂ!"

ከጆሮአቸው ኋላ የቧንቧ ማስመሪያ እርሳሳቸውን መዘዙ። ከመሣሪያ ሳጥናቸው የጎማ ማሸጊያ ካርቶን አውጥተው ቀደዱና እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አሉ። እርሳሱ ሲሮጥ ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ ኧረ ወገቤ!"

"ቀስ ነው" አሉ። "አንገት ላይ ደርሰናል።"

ወገቤ እየተቆረጠ ሳቅኩ።

ልጄ ዓመት በሞላው ቀን ሥዕሉን በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡት። እርጥቡ ወለል አለ። ቧንቧው ከነብሎኑ አለ። ጎንበስ ያልኩት እኔ አለሁ። ትከሻዬ መሃል ደግሞ ልጄ፣ ጉንጩ ማዘያው ላይ ተጣብቆ፣ አፉ ከፈት ብሎ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ የእንባ ቅሪት ይዞ ተኝቷል።

"ዓይኑ ተዘግቷል፣ ይቅርታ" አሉ ክቡር ሠዓሊ።

ዓመት ሙሉ አዝዬው ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ፤ ጀርባዬ ላይ ሲተኛ ምን እንደሚመስል ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

"በል!" አሉ እትዬ ከኋላቸው። "ነገ እኔም ሶፋው ላይ እተኛልሃለሁ። አሁን ምን ሰበብ አለህ?"

ሥዕሉ ከዕቃ ማጠቢያዬ በላይ ተሰቅሏል። የእትዬ ፊትም ዓይኑን ከድኖ በእነ ክቡር ሠዓሊ ሳሎን፣ ጀርባውን በሰጠው ሰልፍ መሃል ብቻውን ወደ እንግዳው ዞሯል። የኔ ቧንቧ አሁንም አልፎ አልፎ ይላላል። ማን እንደሚያላላው አትጠይቁኝ።