ድስት የሌለው ጅጌ

እናንተዬ! ዛሬ እኔ የተዋረድኩትን ያህል ተዋርዶ፣ በዚያው ቀን ፌስቡክ ለመክፈት የደፈረ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

የለም አይደል? አውቄዋለሁ!

ፊቴ እስካሁን ይቃጠላል። እናቴ አኩርፋ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ ይሄን እጽፍላችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ወደ ጨፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ለወጣቶች የመማሪያ አትክልት ቦታ ልንሠራ ስንለፋ እንደከረምን ታውቃላችሁ። ልጆቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚያነቡበት፣ ችግኝ እያፈሉ፣ አፈር እየነኩ ባዮሎጂ የሚማሩበት። መሬቱን የለቀቁልን አባ ኡመር ናቸው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው።

ወንዶቹ ልጆች ሳይጠሩም ይመጣሉ። ጭንቄ ሴት ልጆቹ ነበሩ። በተለይ ረቢዓ። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በዘይት ጄሪካን ቁራጭ ቲማቲም እያፈላች ቤቱን ሞልታዋለች። "አባቴ እሺ ካለኝ እኮ…" እያለች ስንት ጊዜ ጠየቀችኝ መሰላችሁ!

አባቶቹ ግን "ሜዳ ላይ ውላ የምትማረው በማን እጅ ነው?" አሉ። እውነታቸውን ነው።

በመጨረሻ አባ ኡመር ገላገሉን። "ሀያት ጅጌ ትጥራ። አያያዟን እንይና እንወስናለን" አሉ።

በቃ! የነረቢዓ ነገር በኔ አያያዝ ላይ ተንጠለጠለ።

ጅጌ ያው ደቦ ነው። እኔም "ቮለንቲር ይፈለጋል" ከማለት "ጅጌ" ማለቱ ጣመኝ። ባህል ባህል ይላላ! ፖስተር ሠርቼ በቴሌግራም በተንኩ። ባነር አሳተምኩ። ሞንታርቦ ተከራየሁ። ጀርባው ላይ "አፈር ያስተምራል" የሚል ቲሸርት አሠራሁ።

እናቴ "ምን ያህል እህል ይፈጭ?" ብላኝ ነበር።

"እማ፣ ይሄ ፕሮጀክት ነው እንጂ ሰርግ አይደለም!" አልኳት።

ሰፌዷን መልሳ ሰቀለችው። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

ዛሬ ጠዋት ሰዉ ጎረፈላችሁ! ዶማ የያዘ፣ ገጀራ የያዘ፣ በሬውን ነድቶ የመጣ። ማሻአላህ! እየዘፈኑ አረሱ፣ ቆፈሩ። እሾህ ቆርጠው አጠሩ። ለልጆቹ መቀመጫ የሚሆን ድንጋይ እየተሸከሙ ደረደሩ። እኔስ? እኔማ ላይቭ ገብቼ "ጋይስ፣ ኮሚዩኒቲ ማለት ይሄ ነው!" እያልኩ እፈነድቃለሁ።

ዙህር ደረሰ፣ ተሰገደ። ከዚያ ሁሉም እጁን ታጥቦ ግራሩ ጥላ ሥር ክብ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ።

ሁሉም እኔን ያያል።

ንግግር የሚጠብቁ መሰለኝ!

ማይክ አነሳሁላችኋ። ስለ አየር ንብረት አወራሁ። ስለ ዘላቂ ልማት አወራሁ። ስጨርስ "አሚን" አሉኝ። ማንም ግን አልተነሳም። ቲሸርት አደልኩ፤ ሽማግሌዎቹ በሸሚዛቸው ላይ ደርበው ለበሱትና አሁንም ተቀመጡ። ጨነቀኝና ብስኩትና የታሸገ ውኃ አዞርኩ።

አንድ አባት ብስኩቷን ገልበጥ አድርገው አዩዋት። ከዚያ ጎናቸው ወዳለው ሰው ዞር ብለው "ምሳው ከሩቅ ነው እንዴ የሚመጣው?" አሉ።

ምሳው!

ያ ራቢ!

ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጅጌ ጠርቶ አለማብላት ሰርግ ጠርቶ በር እንደመቆለፍ ነው። ይሄን ከሚሴ ውስጥ ጥርሱን ያልጨረሰ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጠፋኝ። ወላሂ ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ባነሩ ጀርባ ተደብቄ ከተማ ወዳለ ሆቴል ደወልኩ። አስተናጋጇ "ለስንት ሰው?" አለችኝ። አንገቴን ብቅ አድርጌ ሰዉን አየሁ። ስልኩን ዘጋሁት።

ይሄኔ አባ ኡመር ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። "በሉ ተነሱ! ሀያት ምሳውን እኔ ቤት ነው ያሰናዳችው። በዚህ ፀሐይ አትበሉም ብላ ነው" አሉ።

ማ? እኔ?!

በአጠገቤ ሲያልፉ ቀስ ብለው "ኮቱ ኢንታላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ ፊትሽን አስተካክዪና ምሪ" አሉኝ። እንዴት እንደተራመድኩ አላውቅም።

ቤታቸው ስንደርስ እውነትም ምሳ አለ! ለካ ባለቤታቸው እቴ መይሙና ከጠዋት ጀምሮ በኔ በኩል ጭስ አለመነሳቱን አይተው ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሰዋል። አንዷ የማሽላ እንጀራ፣ አንዷ ወጥ፣ አንዷ እርጎ ይዛ መጥታለች። እነማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የነዚያው ሴት ልጆች እናቶች! የረቢዓ እናት ወጥ ታወጣለች።

ላመሰግን ማጀት ስገባ እቴ መይሙና ጭልፋቸውን ቀስረው "አንቺ፣ ሞንታርቦ ከመከራየት ድስት መከራየት አይቀድምም?" አሉኝ።

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ። "ሽንኩርቱ ነው" አልኩ። ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው አልነበረም።

ውጭ አንዱ አባት "ይሄ ሰሐን የቤቴን ይመስላል" ሲሉ ሰማሁ። ጓደኛቸው "ዝም ብለህ ብላ!" አሏቸው። አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ እኔ እንጃ።

ከምሳ በኋላ ዱዓ ተደረገ። ለማን? ለኔ! "እንዳበላችን አላህ ያብላት፣ ገበታዋን አይንሳት!" ይላሉ። አንዲት ሽንኩርት ያልላጥኩት ሴትዮ መዳፌን ዘርግቼ "አሚን" አልኩ። ጅጌ ጠርታ፣ በጅጌው ሰው ምሳ ጠግባ፣ ተመርቃ የገባች ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቆይ፣ አላለቀም።

የረቢዓ አባት ተነሥተው "ሰው ማስተናገድ የምታውቅ ልጅ ናት። ሴት ልጆቹ ቅዳሜ ይምጡ" አሉ። ሌሎቹም "ይምጡ፣ ይምጡ" አሉ። ረቢዓ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ያኔ "ምሳው የኔ አይደለም" ማለት ነበረብኝ። ልጅቷ እንደዚያ እየዘለለች አፌ ተሳሰረ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ!

ስመለስ የባጃጁ ሹፌር "ምሳሽ ተወራ እኮ! ማሻአላህ!" አለኝ። እዚህ አገር ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም።

አባ ኡመር ጋ ደወልኩና "አባ፣ እውነቱን ልናገር ነው። እርስዎን አሳፍርዎ ይሆን?" አልኳቸው።

እሳቸውም "እኔ የሸፈንኩልሽ የዛሬውን ነው። የነገውን አንቺ ታውቂያለሽ" አሉኝ።

እንግዲህ አባቶቹ ፌስቡክ የላቸውም። ወንዶች ልጆቻቸው ግን እዚሁ ናችሁ፤ ስትስቁብኝም ይታየኛል። ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ አንብቡላቸው። አባቶቼ፣ ምሳው የኔ አልነበረም፤ የሚስቶቻችሁ ነበር። ቃላችሁን ብታጥፉብኝ አልቀየምም፤ ብቻ ረቢዓን አትቆጧት፣ እሷ ምንም አላጠፋችም።

ቅዳሜ ጠዋት እሾህ አጥሩ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ማን እንደሚመጣ አላውቅም።

እስኪ እናንተ ፍረዱ፤ ድስት ሳትጥድ ጅጌ ለምትጠራ ሴት፣ ልጃችሁን አምናችሁ ትልካላችሁ?