በሁዳዴ ጥብስ የሸተተች ማኪና

ማኪና የገዛ ሰው ሁሉ በሦስተኛው ቀን ከመካኒክ በላይ አዋቂ ይሆናል! እኔንማ በሁለተኛው ቀን ነው የጀመረኝ።

እዚሁ ጎንደር ያለው መካኒኬ፣ ጣሊያን ጥሏት የሄደውን የዚያችን አሮጊት ማኪናዬን ኮፈን ከፍቶ አየና፣ "ይኼ የጭስ ማውጫ ቧንቧ ዳገት ላይ እንደ ፍም ይግላል፤ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን የካንዴላውን ገመድ ሊያቀልጥብህ ነው። በመሃሉ ቆርቆሮ ጋርድበት" አለኝ።

ቆርቆሮ! እሱ ራሱ የሚግል አይደል እንዴ? ቤቴ ስገባ፣ ከጎረቤት ጋር ያረድነው የቅበላ በሬ ቆዳ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ወፍራም ነው፣ እሳት አይደፍረውም! ቆርጬ ቧንቧውን ጠቀለልሁት፤ በሽቦም ጥፍር አድርጌ አሰርሁት። ጮማው በቅጡ አልተፋቀም ነበር… "ማን ያየዋል?" አልሁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልውሰዳችሁ። ብርቄ የምትባል ልጅ አለች፤ ስለ እሷ እንቅልፍ ካጣሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። አባቷ መሪጌታ ግን ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ መለሱብኝ። "ሹፌር ጾም አያውቅም፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ይውጣል" ብለው! እናም በሁዳዴ መግቢያ ዳባት ዘመድ ሊጠይቁ መነሳታቸውን ስሰማ፣ "የኔታ፣ እኔ ላድርስዎት" ብዬ ተለማመጥኋቸው። እሺ አሉ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ወለቃን አለፍን። እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ እኔ የጾመኛ ፊት ለብሼ መሪዬን ይዣለሁ። የኮሶዬን ዳገት ስንጀምር ማኪናዋ አቃሰተች፣ ቧንቧው ጋለ… ከዚያማ ሽታው መጣ። ጮማ ሲንጨረጨር የሚሸተው ያ ሽታ!

የኔታ ዳዊቱን አቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ይሸታል?"

"ከመንደር ይሆናል፣ የኔታ።"

"የቱ መንደር? ገደል ነው እኮ!"

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሦስት ውሾች ከኋላችን ይሮጣሉ። አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ስንል ማኪናዋ ቀጥ አለች። አንድ ገበሬ አህያውን አቁሞ አሸተተና፣ "ምነው ጌታው! በጦም ጥብስ? ያውም የኔታን ይዘው!" ብሎ አማተበ።

የኔታ በቁጣ ጦፉ። "አውጣው!"

"ምኑን?"

"የደበቅኸውን ሥጋ! ልጄን ለእንዲህ ያለው ልሰጥ ኖሯል!"

ብምል ማን ያምነኛል? ኮፈኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ቆዳው ተጨማዶ ቧንቧውን ራቁቱን አስቀርቶታል፤ የካንዴላው ገመድ ቀልጧል፤ ጮማው አሁንም ይንጣጣል። "መካኒኩ ቆርቆሮ ጋርድ ብሎኝ ነበር… እኔ ነኝ አዋቂው" አልሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው! በልቤ ብርቄን ተሰናበትኋት።

የኔታ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ገበሬው እስኪርቅ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ አንተ አልበላህም።"

"አልበላሁም፣ የኔታ።"

"ኃጢአተኛውስ እኔ ነኝ። ከኮሶዬ ጀምሮ ምራቄን እየዋጥሁ ነው የመጣሁት። ዳዊቱንም ሁለት ጊዜ ስቻለሁ።" ግራ ቀኙን ቃኙ። "ይህን ለሰው ካልተናገርህ… ሽማግሌዎችህን ላካቸው።"

ላክኋቸው። ቆርቆሮውንም ጋረድሁ። ብርቄ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ፣ ይህን ስጽፍ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔም ቃሌን ጠብቄ እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው አልተነፈስሁም… እናንተም አደራ!