ስካቫተሩ እና የአቶ ጅግሶ ሽንት ቤት

ማሽን መሬት ሲቆፍር አይቶ ሳይቆም የሚያልፍ ወንድ ካለ፣ ወይ ታሟል ወይ ሚስቱ አጠገቡ ናት። እኔ ደግሞ ከማንም በላይ እቆማለሁ። ዲላ ውስጥ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ስለ ተዳፋት መሬት፣ ስለ ቀይ አፈር፣ ስለ መሬት መንሸራተት ያላልኩት የለም። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ በትክክል መልሰውልኛል። መምህራቸው ነው የወደቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የብርቱካን እናት፣ እማማ ወርቅነሽ፣ ከጓሮአቸው ላይ ቆርሰው ለቤት የሚሆን ቦታ ሰጡን። ከላይ ቡና፣ ከታች እንሰት ያለበት፣ ከከተማው ዳር ያለ ተዳፋት ነው። ከኪራይ ቤት ልንገላገል ነውና ደስታችንን አትጠይቁኝ። እማማ መሬቱን ሲሰጡን ያስጠነቀቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ልጄ፣ ቤትህን ሥራ። እንሰቴን ግን እንዳትነካ።"

"ኧረ እማማ፣ ቅጠሉም አይነካ" አልኩ።

ዝናቡ ሳይጠና መሠረቱን ማስቆፈር ነበረብን። ብርቱካን ሐሳቧን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፤ "ስድስት ጎበዝ ሰው ከነዶማው ብናመጣ በሳምንት ያልቃል።" እኔ ሳቅሁባት። በዚህ ዘመን ዶማ... ስንት ወር ሙሉ ስልኬ ላይ ማሽን ኮረብታ ሲንድ ሳይ የከረምኩት ለዶማ ነው እንዴ?

መናኸሪያው አካባቢ የቁፋሮ ማሽን የሚያከራይ ከድር የሚባል ሰው አለ። አባቱ በአንድ የጭነት መኪና የጀመሩትን ሥራ እሱ ወደ ማሽን ያሳደገ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነው። ሻይ አዘዘልኝና ጠየቀኝ።

"መምህር፣ የሚቆፈረው ምንድን ነው?"

"የአራት ክፍል ቤት መሠረት።"

"መግቢያው ምን ያህል ይሰፋል?"

"ይበቃል።"

"ለምኑ ነው የሚበቃው?"

"ለመግባት ነዋ።"

ከድር ሻዩን ከሚገባው በላይ አማሰለ። "የሚወጣው አፈርስ የት ይደፋል?"

ይህን አላሰብኩበትም። "እሱ ይታያል" አልኩት።

"እንግዲያው ትንሿን ባለ ጎማ ልስጥዎት። ከፊቷ ትዝቃለች፣ ከኋላዋ ትቆፍራለች፣ ጠበብ ያለ ቦታም ትዞራለች። ለቤት መሠረት ከሷ በላይ አያስፈልግዎትም። ግን አስቀድሜ ቦታውን ልየው።"

ግቢው ውስጥ ከትንሿ ጎን አንድ ቢጫ ስካቫተር ቆሟል። ባለ ሰንሰለት፣ ክንዱ የጎረቤት ጣሪያ የሚያልፍ፣ መቆፈሪያ ባልዲው አንድ ቤተሰብ የሚያስቀምጥ። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

"ያኛውስ?"

"እሱ የመንገድ ሥራ ነው፤ አሁን ከዱመርሶ መንገድ ነው የመጣው። ለእርስዎ አይሆንም።"

"እሱን ስጠኝ።"

ቦታ ማየትም አያስፈልግህም ብዬ ስልኬን አወጣሁና ካርታውን አሳየሁት። ከሰማይ ሲታይ የሰፈራችን መንገድ ሰፊ ነው። ከሰማይ ሲታይ እኮ እኔም መላጣ አይደለሁም... ይቅር፣ ለካ መላጣ የሚታየው ከሰማይ ነው። ብቻ ከድር ትከሻውን ሰበቀና ተስማማ። ብርቱካን ስትሰማ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ሚስት በሩን ቀስ አድርጋ ስትዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስካቫተሩ በትልቅ ተሳቢ ተጭኖ መጣ። አስፋልቱ ዳር አራገፉትና በሰንሰለቱ እየተንቋቋ ወደ ሰፈራችን ገባ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እኔ ከፊት ከፊቱ እየሄድኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ እጄን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዝኩ አቅጣጫ አሳያለሁ። የምትነዳው መስታወት የምትባል ሴት ናት። እጄን አንድ ጊዜም አላየችውም።

የእማማ ግቢ መግቢያ ስንደርስ በግራ የአቶ ጅግሶ አጥር፣ በቀኝ የእማማ እንሰት ቆመዋል። መሐላቸው ያለው ክፍተት ባጃጅ ተለማምጦ የሚያልፍበት ነው። መስታወት አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

"መምህር፣ ሰባት እንሰት ካልተነሳ አልገባም።"

እማማ ወርቅነሽ ይህን ሲሰሙ በርጩማቸውን ይዘው መጡ፤ መንገዱ መሐል አስቀመጡና ተቀመጡበት።

"ልጄ" አሏት መስታወትን፣ "ይሄ ማሽን ስንት ዓመቱ ነው?"

"አራት፣ እማማ።"

"እንሰቴ ስድስት ዓመቱ ነው። ታናሽ ለታላቅ መንገድ ይለቃል።"

መስታወት ወደ እኔ ዞረች። "እኔ ከእናት ጋር አልከራከርም። እመለሳለሁ።"

ኩራቴ ጭቃ ቢነካም ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ሐሙስ የዘነበው ዝናብ የመንገዱን ጠርዝ አርሶት ኖሯል። ስካቫተሩ ወደኋላ ሲያፈገፍግ ከግራ ሰንሰለቱ ስር ያለው ቀይ አፈር ተናደ፤ ያ ሁሉ ብረት ወደ አቶ ጅግሶ ግቢ አጋደለ። መስታወት በቅጽበት ክንዱን አዙራ ባልዲውን እንደ ምርኩዝ መሬት ላይ ተከለችው። ማሽኑ ተንገጫግጮ ቆመ። ሁላችንም ተነፈስን።

ከባልዲው ጀርባ ወፍራም ድምፅ መጣ። "ማነው በሬን የዘጋው?"

ባልዲው አጥሩን ጥሶ ያረፈው የአቶ ጅግሶ ሽንት ቤት በር ላይ ነው። አቶ ጅግሶም ውስጥ ናቸው። አቶ ጅግሶ የእድራችን ዳኛ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያናግራቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ያን ዕለትም ደንቡ አልፈረሰም፤ እኛ ቆመን እሳቸው ተቀምጠው ነበር።

"እኔ ነኝ ጋሽ ጅግሶ... መምህሩ።"

"ምን አድርገህ ነው?"

"ማሽን ተከራይቼ።"

"ለእኔ?"

ብርቱካን አጠገቤ መጥታ "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ስትል በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። እኔ ወደ መስታወት ሮጥኩ።

"ባልዲውን አንሺው!"

"ካነሳሁት ማሽኑ ተንሸራቶ እሳቸው ላይ ይሄዳል" አለች በረጋ ድምፅ። "መጀመሪያ ከፍ ብሎ በቀረው በኩል ከሰንሰለቱ ስር ተቆፍሮ መስተካከል አለበት።"

"በምን ይቆፈራል?"

"በዶማ።"

ያን ጊዜ ሳቅ ከእኔ ራቀ። አፈሩ ከማሽኑ ስር እፍኝ እፍኝ እየሆነ ሲወርድ ይሰማኛል። ከዚያች ቆርቆሮ በር ማዶ ያሉት ሰው አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኔ ያልወጡ ሰው ናቸው። ለአንድ ባልዲ አምሮት ብዬ ምን አደረግሁ?

አቶ ጅግሶ ግን የተቀመጡበትን የስብሰባ ወንበር አደረጉት። "ጎረምሶቹ አሉ? የእድሩ ዶማና አካፋ ከድንኳኑ ጋር ነው የተቆለፈው። ቁልፉ እኔ ኪስ ነው።" ቁልፉ በበሩ ስር ሾልኮ ወጣ። "ሌላው ድንጋይና ግንድ እያመጣችሁ በወረደው በኩል ደግፉ። ሴቶች ከዚያ ዞር በሉ። ለመምህሩ ዶማ ስጡት።"

አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆፈርን። እስቲ አስቡት... እንዲቆፍርልኝ የተከራየሁትን ማሽን እኔ ስቆፍረው። እጄ ውሃ ቋጠረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እድር ቢያብር ደግሞ ስካቫተር እንደሚፈታ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ማሽኑ ቀጥ ሲል መስታወት ባልዲውን ቀስ አድርጋ አነሳችው። ባልዲው ብቻውን አልተነሳም፤ በሩን ከነመቃኑ፣ ጣሪያውን ከነማገሩ ይዞ ሄደ። አቶ ጅግሶ ቀበቷቸውን እያሰሩ በጠራራ ፀሐይ ብቅ አሉ። ማንም አልሳቀም። እማማ ወርቅነሽ ብቻ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሄጄ የአቶ ጅግሶ ጉልበት ላይ ወደቅሁ። በአንድ እጃቸው አነሱኝ፤ በሌላው ቀበቷቸውን እንደያዙ ነው።

ከድር በሞተር ሳይክል ደረሰ። መስታወትን ማሽኔን አተረፍሽልኝ ብሎ ካመሰገነ በኋላ መግቢያውን በእርምጃ ለካ። "መምህር፣ ለካ ትንሿም አትገባም ነበር" አለኝ። ብርቱካን ሰምታለች። ምንም አላለችም። እስከ ዛሬም ምንም አላለችም፤ ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

እሑድ እድሩ ተሰብስቦ ፈረደልኝም ፈረደብኝም። የቤቴን መሠረት አባላቱ ተረዳድተው በዶማ ይቆፍሩልኛል፤ ቆጮውን እማማ ያቀርባሉ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጉድጓድ አለ፤ እሱን እኔ ብቻዬን እቆፍራለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ አቶ ጅግሶ ግቢ፣ ለአዲሱ ሽንት ቤታቸው ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። ዓርብ ዕለት አቶ ጅግሶ ጠርዙ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩኝ።

"መምህር፣ ምን ያህል ደረስክ?"

"ደረቴ ድረስ፣ ጋሽ ጅግሶ።"

ከእግር እስከ ራሴ አስተዋሉኝ።

"አጭር ነህ፤ ጨምር።"