ነፃ ያወጣኝ ቦርሳ

ባለቤቴ ጽጌ ከሞተች አምስት ወር ሆኗት ነበር። ልጃችን ሐናም አምስት ወሯ ነበር።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ጎልፍ ቦርሳ ማውራቴ ይገርማችሁ ይሆናል። እኔንም ይገርመኛል። ግን የማውቀው እሱን ነው። ሰው ቦርሳ ሲመርጥ ቆዳውን ይዳስሳል፣ ኪሱን ይቆጥራል፣ ዚፑን ከፍቶ ይዘጋል። ባዶውን አንስቶ «ቀላል ነው» ይላል። ቦርሳ ግን እንዲህ አይታወቅም። ዱላዎቹን ሁሉ ከታችሁበት፣ ዳገት ወጥታችሁ፣ ዝናብ መትቷችሁ፣ ማንገቻው አንገታችሁ ሥር መግባት ሲጀምር ያኔ ትተዋወቃላችሁ። ልክ እንደ ትዳር ልል ነበር። ተውኩት።

ሥራዬ ይኼ ነበር፤ አሮጌ ኤርፖርት በኩል ባለው የጎልፍ ሜዳ የተጫዋች ቦርሳ ተሸክሞ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ መከተል። ካዲ ይሉናል። ቀበሌ ስመዘገብ ጸሐፊው ሥራዬን ምን ብሎ እንደሚጽፈው ጨነቀውና «ወዛደር» ብሎ ተገላገለ።

የዘወትር ደንበኛዬ አንድ ኢንጂነር ነበሩ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የመቱት ኳስ የት እንደወደቀ የማያዩ። አንድ ቀን በመሥሪያ ቤታቸው የውይይት ክበብ አንዱ ተነሥቶ ሂስ ሰጣቸው፤ በአብዮቱ ዘመን ሰው እንዴት ሌላውን ሰው ቦርሳ ያሸክማል? ኢንጂነሩ ግለ ሂስ አደረጉ። ከእንግዲህ ቦርሳዬን ራሴ እሸከማለሁ አሉ። ተጨበጨበላቸው። በዚያ ጭብጨባ እኔ ነፃ ወጣሁ። ከሥራዬ ማለቴ ነው።

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ እያፈሩ። «ማርቆስ፣ አንድ የመጨረሻ ነገር ላስቸግርህ» አሉኝ። «ተሸክሜው የምሄድ ቀለል ያለ ቦርሳ ምረጥልኝ። ከአንተ የተሻለ ማን ያውቃል?» ከአገር የወጡ ፈረንጆች የተዉዋቸው ሦስት ቦርሳዎች መጋዘን ውስጥ ለሽያጭ ተቀምጠው ነበር። ለሐሙስ ተቀጣጠርን።

ቤት ውስጥ ደግሞ አማቴ እማማ ማርታ አሉ። ከሆሳዕና ከተማ ለቀብር መጥተው ለሐና ሲሉ ቆዩ። ጓሯቸው ያለ ሰው ከርሟል። የኢንጂነሩን ነገር ስነግራቸው፣ «ሥራ ካለህ አንድ ነገር ነው፤ ከሌለህ ግን ምን ታበላታለህ? ይዣት ልሂድ። ቅዳሜ አውቶቡስ አለ» አሉና ልብሶቿን በአንድ ጨርቅ ጠቀለሉ። ክፉ ሰው አይደሉም።

ሐሙስ ጠዋት ትኬት ሊቆርጡ ሄዱ። ሐናን የምተውላት ሰው አልነበረም። ጡጦዋን ኪሴ ከትቼ በእናቷ አንቀልባ አዘልኳት። መንገዴ ላይ ያለው ላፍቶ ያኔ ማሳ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ጤፍ የሚያርሙ ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። «ኧረ ወንድ አዝሎ!» አለች አንዷ። «እናትየው የት ሄዳ ነው?» እርምጃዬን አፍጥኜ አለፍኩ።

መጋዘኑ በር ላይ የካዲዎቹ አለቃ ጋሽ በቀለ ቆመዋል። «ዛሬስ ቦርሳህን ከቤትህ ይዘህ መጣህ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ስማ፣ የቆዳውን ምረጥለት። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ምላሱን አውጥቶ ቦርሳውን ይመልስልሃል። አብዮቱም ምንም አይልህም።»

የሞኝ ምክር አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ሌሊቱን ያሰብኩት እኔም ይህንኑ ነው።

የቆዳውን አነሣሁት። ጥጃ ያህላል። ማንገቻው የሐናን እግር ሲጫነው አለቀሰች። ያን ጊዜ ጽጌ ትዝ አለችኝ። ነፍሰ ጡር ሆና ከቦኖ ውሃ ስትቀዳ እኔ እዚህ የሰው ቦርሳ እሸከም ነበር። ማታ ገብቼ «ደከመኝ» የምለው ግን እኔ ነኝ። እንስራው ከብዷት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

የቆዳውን አስቀመጥኩት። ሁለተኛው ኪሱ ብዙ ነው፤ ሰው ደግሞ ኪስ ካገኘ ይሞላዋል። ሦስተኛው ሸራ ነው። ማንገቻው ሰፊ፣ ስፖንጅ ያለው፤ መሬት ሲያስቀምጡት ሁለት እግሩን ዘርግቶ ይቆማል፣ ዱላ ለማውጣት ጎንበስ ማለት የለም። ዱላዎቹን ሞልቼ ከመጋዘኑ አጠገብ ያለችውን ዳገት ወጥቼ ወረድኩ። ሐና ተኛች።

«ይኸኛው ነው ጋሼ» አልኳቸው ኢንጂነሩ ሲደርሱ።

ጋሽ በቀለ ራሳቸውን ያዙ። «በገዛ እጅህ ጉሮሮህን ዘጋህ!»

ኢንጂነሩ ቦርሳውን አንግበው እንደ ተማሪ ፈገግ አሉ። «ለስንብት ዛሬን አብረን እንዙር» አሉኝ። ባዶ እጄን ሜዳው ላይ ሄጄ አላውቅም። እጄን የማደርግበት ሲጠፋኝ ወደ ኋላ አዙሬ ሐናን ደገፍኩበት።

ሦስተኛውን ጉድጓድ እያፏጩ አለፉት። አራተኛው ላይ ኳሳቸውን ሣር በላው። ሄጄ ከኮሸሽላ ሥር አወጣሁላቸው። አምስተኛውም ላይ እንዲሁ። ሰባተኛው ላይ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻ ቆሙና፣ የውይይት ክበቡ ባሕር ዛፉ ውስጥ የተደበቀ ይመስል ግራ ቀኝ አዩ።

«ማርቆስ፣ የተሰጠኝ ሂስ ስለ ቦርሳ ነው። ስለ ኳስ ማንም ምንም አላነሣም።»

«አላነሡም ጋሼ።»

«እንግዲህ ቦርሳውን እኔ፣ ኳሱን አንተ። ክፍያው እንደ ድሮው።» ሐናን በአገጫቸው አመለከቱ። «ሸክም እንደሆነ ይዘሃል።»

የቆዳውን መርጬላቸው ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ላይ ተዝለፍልፈው ወደ ቤታቸው ነበር የሚሄዱት፤ ጎልፍንም ሳይተዉ አይቀሩም። ይህን ለጋሽ በቀለ አስረዳኋቸው። «ዕድል ነው እንጂ ብልሃት አይደለም» አሉኝ። ሊሆን ይችላል።

ቤት ስደርስ እማማ ማርታ ትኬቱን ይዘው ተቀምጠዋል። ትከሻዬን ይዘው አዞሩኝ።

«አዝለሃት ነው የዋልከው?»

«አዎ እማማ። ሥራውም አለ።»

የሐናን እግር ዳበሱ። ይሞቃል። የአንቀልባውን ቋጠሮ በጣታቸው ሳብ አደረጉት።

«ቋጠሮህ ልል ነው። አንድ ቀን ትጥላታለህ።» ፈቱት፤ አሰሩት፤ እኔንም ሦስት ጊዜ አሳሰሩኝ። ከዚያ ትኬቱን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። «ሕፃን በታቀፋት ሰው ትኬት ነው የምትሄደው። የቆረጥኩት ለአንድ ሰው ነው። ብቻዬንም ያደርሰኛል።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ለገና መጥቼ አያታለሁ።»

ሐናን አስተኛኋትና የልብሷን ጥቅል አወረድኩ። የእሳቸው ቋጠሮ ልል አይደለም። በጥርሴ ፈታሁት።