ያለ ወረቀት የመጣ በሽተኛ

በሽታ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በትንኝ ይመጣል፣ ሌላው በማኅተም። የትንኙን ወባ እንለዋለን፤ የቆላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ መድኃኒትም አለው። የማኅተሙ ግን እስካሁን ስም እንኳ አልወጣለትም። የያዘው ሰው ድምፁ ይወፍራል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ትናንት ከአንድ ትሪ አብሮት የበላውን ሰው «ማን ልበል?» ይላል። እናንተን አልያዛችሁም እንበል። እኔን ግን ክፉኛ ይዞኝ ነበርና ምልክቱን ከኔ ስሙ።

በደርግ ዘመን፣ መተማ ቆላ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ካርድ ክፍል ሦስት ሆነን እንቀመጣለን፤ ነርስ ግን ያለችው አንዲት ብቻ ናት፣ ሲስተር የሺእመቤት። የምታዋልድ እሷ፣ መርፌ የምትወጋ እሷ፣ ቁስል የምታጥብ እሷ። ሰሊጥ ሲደርስ ደግሞ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረደው ሠራተኛ ወባውን ተሸክሞ ግቢያችንን ይሞላዋል። ነርስ ይጨመርልን ብለን ጻፍን። ደግመን ጻፍን። በሦስተኛው መልስ መጣልን፤ የሕክምና አገልግሎት ማሻሻያ መመሪያና አዲስ ማኅተም።

እውነቱን ለመናገር መመሪያው ክፉ አልነበረም። የመድኃኒት መግዣው እንዳይነጥፍ የሚችል ይክፈል፣ የማይችል ከገበሬ ማኅበሩ የድህነት ማስረጃ አምጥቶ በነፃ ይታከም ነው የሚለው። ለየክሊኒኩ በእጄ እየገለበጥኩ፣ ከግርጌው እየፈረምኩ የምልከው እኔ ነበርኩ። ታዲያ ዝም ብሎ መገልበጥ አላስችል አለኝና አንዲት መስመር ከራሴ ጨመርኩ፤ «ያለ ወረቀት የመጣ በሽተኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይስተናገድም።» አቤት ስታምር!

በዚያው ሰሞን ጌታነህ የሚባል የዳሞት ሰው፣ ለአጨዳ የመጣ፣ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ኪሱ ባዶ ነው። የገበሬ ማኅበርህን ወረቀት አምጣ አልኩት።

«ኸዳሞት ደርሸ እስክመለስ በሽታው ይጠብቀኛል፣ ጌታው?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምሩን ነበር የጠየቀኝ። እኔም የምሬን «እሱ የራስህ ጉዳይ ነው» አልኩት።

ሲስተር የሺእመቤት ይህን ሰምታ ወጣችና ክንዱን ይዛ አስገባችው። ሦስት ቀን አስተኝታ አዳነችው። እኔስ? መቼም የዚያን ዘመን ሂስና ግለ ሂስ ታስታውሳላችሁ፤ መጀመሪያ ጓደኛህን ትወቅሳለህ፣ ቀጥሎ ራስህን። በቅዳሜው ስብሰባ ብድግ ብዬ «ጓድ ሲስተር መመሪያ ጥሳለች» አልኩ። «ሂሱን ተቀብያለሁ፤ ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቀኛለች» ብላ ወጣች። ግለ ሂሱ የኔ ተራ ሲደርስ ግን፣ ብፈልግ ብፈልግ አንድም ጥፋት ላገኝ አልቻልኩም።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። በዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መመሪያው መከበሩን እንድቆጣጠር ወደ ገለጉ በኩል ተላክሁ። የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ጭቃ ዋጠው። ወባው ጀማምሮኝ ነበርና በትኩሳት ናላዬ ዞሮ፣ ቦርሳዬን ከነመታወቂያዬና ከነገንዘቤ መኪናው ላይ ትቼ በእግሬ ገሰገስኩ። መንገድ ዳር ካለች አንዲት ክሊኒክ ደረስኩ። ያለው ሠራተኛ አንድ ጤና ረዳት ብቻ ነው።

«ወረቀት?» አለኝ።

መመሪያውን የላክሁት እኔው ነኝ አልኩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አየ፤ እኔን አየ። «ፊርማዎን አውቀዋለሁ ጓድ፤ ፊትዎን ግን አላውቀውም» አለና ያቺን መስመር በጣቱ አሳየኝ። ማንም ይሁን ማን። ጽሕፈቴን አይቶ ይመን ብዬ እስክሪብቶ ያዝኩ፤ በዚያ ትኩሳት የጻፍኩት ግን ዶሮ የጫረችው መሰለ። ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ። በገዛ መስመሬ ልሞት!

ከዛፉ ሥር ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ ተነሥቶ መጣ። ጌታነህ ነው። ከዳነ በኋላ እዚያው ቆላ ቀርቶ መሬት ተሰጥቶት፣ የገበሬ ማኅበር አባል ሆኖ ኖሯል። በጀርባው አዝሎኝ ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዘንድ ወሰደኝ። ሊቀ መንበሩ ጥንቁቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ሳይጠይቁ ማኅተም አያሳርፉም።

«በሬ አለው?»

«የለውም።»

«መሬትስ?»

«የለውም።»

«እሽ፣ የሚተዳደርበት ሙያስ?»

ጌታነህ ዞር ብሎ አየኝ፤ ቆይቶ አየኝ። «እሱም የለው፣ አባቴ።»

«ምንም የሌለው መሆኑ በምስክር ተረጋግጧል» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። በጸሐፊነት ዘመኔ ያን ያህል እውነተኛ ሰነድ በእጄ አልገባም። ኪኒኑን ዋጥኩ፣ መርፌውን ተወጋሁ፣ በአራተኛው ቀን ነፍሴን አወቅሁ። ጌታነህ አጠገቤ ተቀምጧል። ያደረግሁብህን ረስተኸው ነው? አልኩት።

«ታዲያ ኸዳሞት ወረቀት ያምጡ ልበልዎ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ወባው ነው አልኩት።

ከዚያ በየክሊኒኩ እየዞርኩ ያቺን መስመር ሰረዝኳት፤ ከማሻሻያው ሁሉ የተሻሻለው እሱ ብቻ ነው መሰለኝ። ነርስ እንደሆነ አልተጨመረችልንም። መተማ ስመለስ በቅዳሜው ስብሰባ ሁሉን ልናዘዝ ቆርጬ ነበር። ተራዬ ደረሰ። ሲስተር የሺእመቤት ድካም በዋጠው ፊቷ ቀና ብላ አየችኝ። ተነሣሁና «አንዳንድ ቀን አርፍጄ እገባለሁ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እሷ አላጨበጨበችም።

ያን ቀን የዋጥኩት ግለ ሂስ እንግዲህ ይኸው። ዘግይቷል፣ ማኅተምም የለውም፤ ያለ ወረቀት እንደመጣ በሽተኛ ቆጥራችሁ አስገቡኝ።