አርባ ስምንት ቮልት ወደ ግራና

«ዕውቀት ብርሃን ነው» ብሎ የተረተው ሰውዬ መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ይኖር የነበረ መሆን አለበት! እኔ መርሳ ተቀምጬ ፊዚክስ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የኦምን ሕግ ከአባታችን ሆይ ቀጥዬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ታዲያ ይኸ ሁሉ ዕውቀት አንድ ቀን እንኳ አምፖል አብርቶልኝ አያውቅም። ቤታችን ፊውዝ ሲቃጠል የምታስተካክለው ባለቤቴ ዘርፌ ናት። እሷ ደግሞ የተማረችው ታሪክ ነው!

እና እናንተዬ... እንዲህ ያለ ሰው ተነስቶ «ኤሌክትሪክ ብስክሌት እሠራለሁ» ቢል ምን ይባላል? ዘርፌ ያለችውን ልንገራችሁ።

«እስቲ መጀመሪያ የጓዳውን ሶኬት ሥራ።»

አትፍረዱብኝ፣ ምክንያቴን ስሙ። ጦርነቱ አንድ ጊዜ መጥቶብን ሄዷል። ያኔ መርሳ በሙሉ ሲሸሽ እኔም ዘርፌንና ልጆቹን ይዤ ወደ ደሴ ሸሸሁ። እናቴ ከመርሳ ወጣ ብላ ባለችው በግራና ከተማ ነበረች። ይመኙሻል ትባላለች፤ ገበያ ላይ ጌሾ ትሸጣለች። ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል። ጆሮዋ ደግሞ ግማሹን ይሰማል፤ የቀረውን ራሷ ትሞላዋለች። መኪና ፈልጌ አጣሁላት። በስልክ «መጥቼ ልዘልሽ» ብላት «ሂድ! ልጆችህን አውጣ! እኔን የሚፈልግ ጦር የለም» አለችኝና ኔትወርኩ ጠፋ። ጠፋ ስላችሁ... ለወራት ጠፋ። አለች ይሁን የለችም የሚነግረኝ አጥቼ ከረምኩ። እነዚያን ሌሊቶች እኔና ግድግዳው እናውቃቸዋለን። ስመለስ በሯ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁለት ዶሮዎቿ ተበልተዋል፤ ጎኗ ላይ የቀራት አጥንት ብቻ ነው። ቀና ብላ አየችኝና ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ከሳህ።»

እኔን!

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ሁለተኛ ሽሽት ቢመጣ እናቴን ትቼ ላልሄድ ማልኩ። መሐላ ደግሞ አይውል አያድር፣ በተከታዩ ክረምት የጦርነቱ ወሬ ከቆቦ በኩል እንደገና መምጣት ጀመረ። ወልድያም መርሳም ሰው እቃውን መቋጠር ያዘ። ግራና ደርሶ እናቴን የሚያመጣልኝ ባጃጅ ስጠይቅ ባለባጃጁ «በምን? በውሃ?» አለኝ። በዚያ ሰሞን ቤንዚን እንኳን በማደያ በሕልምም አይገኝም ነበር። እናቴም በስንት ልመና እሺ ያለችው ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ ነው፦ «መቀመጫ ያለው ነገር ካመጣህ እመጣለሁ። በሰው ጀርባ ግን እንደ ጌሾ አልጫንም።» ግራና ጤነኛ እግር ላለው ሰው ሩቅ አይደለም። የእናቴ ጉልበት ላለው ግን ከአዲስ አበባ ይርቃል።

ታዲያ አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ ብስክሌቱን በባትሪ አስነስቶ ዳገት ሲወጣ አየሁ። ፔዳሉን አይነካው፣ አያልበው! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ... ሮጥኩ ወደ ሰይድ።

ሰይድ በያጅ ነው፤ መርሳ ውስጥ እሱ ያልበየደው በር የለም። ጸባዩ ወርቅ ነው፤ አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ «አብሽር» ይላል። ለማታውቁት፣ «አብሽር» ማለት ወሎ ውስጥ «አይዞህ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ማለት ነው። ሰይድ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን «የሚጨበጥ ነገር ፈልግ» ማለት ነው።

ሞተሩን ያገኘነው ሐራ ገበያ ነው። አንድ ነጋዴ በደጉ ጊዜ ያስመጣት በኤሌክትሪክ የምትሄድ ባጃጅ ግቢው ውስጥ ሞታ ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ነበር። ልጁን ለፈተና ፊዚክስ ላስጠናለት ተስማማንና ሞተሯን ፈታን። (ልጁ ይኸን ብስክሌት ካየ በኋላ ታሪክ ላጥና ብሏል።)

«ሰይዶ፣ ይኸ እኮ ሦስት ሰው ከነኮተቱ የሚጎትት ሞተር ነው። ለአንድ ብስክሌት አይበዛም?»

«ከሚያንስ ይብዛ! አብሽር!»

ሞተሩ አራት ባትሪ ይፈልጋል። አራት ጊዜ አሥራ ሁለት፣ አርባ ስምንት ቮልት። አንዱ የእኔ የሶላር ባትሪ ሆነ። አንዱን ሰይድ ከወንድሙ የቆመ መኪና ላይ አወረደ። ሁለት ጎደለን። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም! መብራት ሲጠፋ ለድምፅ ማጉያ የሚሆን ጠንካራ ባትሪ ያለው የት ነው? መስጂድና ቤተ ክርስቲያን። ሰይድ ወደ መስጂዱ፣ እኔ ወደ ደብሩ ተከፋፈልን።

ሙአዚኑ «ለእናት ከሆነማ ውሰዱት! ብቻ ጁምዓ ይሰገድ። ቅዳሜን በጉሮሮዬ እወጣዋለሁ» አለ። የደብሩ መሪጌታ ግን ጢማቸውን ዳበስ አድርገው ቀጠሮ ቆረጡ።

«ለእናት ከሆነ ውሰድ። ነገር ግን የእሁድ ቅዳሴ ሳይገባ ባትመልስ ስምህን በድምፅ ማጉያ ነው የምጠራው!»

«ያለ ባትሪ በየትኛው ድምፅ ማጉያ?» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። እንግዲህ በጁምዓና በእሁድ መካከል አንዲት ቅዳሜ ብቻ ቀረችን።

ሰይድ የመስጂዱንና የደብሩን ባትሪ ጎን ለጎን አስቀምጦ በሲሪስ፣ ማለትም አንዱን ከአንዱ አስከትሎ፣ አያያዛቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ማስተማሬ ስለ ሲሪስ እንዲህ ያለ ምሳሌ ሰጥቼ አላውቅም። አንዱ አዛን፣ አንዱ ቅዳሴ፣ ድምራቸው እናቴ።

ፍጥነቱን የምትቆጣጠረው ሳጥን ግን ድሮ ተቃጥላለች። «ያለ እሷ እንዴት ይሆናል?» አልኩ። «አብሽር!» አለና ከተዘጋ ወፍጮ ቤት አንድ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ ነቅሎ መጣ፤ እጀታው የመዶሻ እጀታ ያህላል። እጀታው ወደ ላይ ከሆነ ቆሟል፤ ወደ ታች ከሆነ በሯል። መሐል የሚባል ነገር የለም። (ይኸን ዓይነት ነገር በአገራችን ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ፤ ብስክሌት ላይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።) ሁሉንም አሮጌ ብስክሌቴ ላይ ገጠመው፤ ከኋላ ለእናቴ ከትምህርት ቤት የተጣለ ወንበር ከነመደገፊያው በየደላት።

እኔስ ምን ጨመርኩ? ዕውቀት! «ሞተሩ ይግላል፣ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል» ብዬ ከአሮጌ ማራገቢያ ላይ ክንፉን ፈትቼ ሞተሩ ላይ አሠርኩት። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የእኔ አሳብ እሱ ብቻ ነው፤ ያዙልኝ። ግቢ ውስጥ ስንሞክረው «ዝዝዝዝዝዝ...» አለ። ዘርፌ ከጓዳ ወጣች። ብስክሌቱን አላየችም፤ ሰማዩን ነው ያየችው።

«ድምፁ ደስ አላለኝም» አለች።

«የቴክኖሎጂ ድምፅ ነው!»

«ሶኬቱስ?»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ መንገዱ ጠፈፍ ሲል ተሳፈርኩ። ሰይድ ቢስሚላህ፣ እኔ በስመ አብ ብለን እጀታውን ወደ ታች... ወይ ጉድ! ስለ ኢነርሺያ ለስንት ተማሪ አስረድቻለሁ፤ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ብስክሌቱ ሄደ፣ እኔ ሄድኩ፣ ባርኔጣዬ መርሳ ቀረ። ከኋላዬ በጣም ቀጭን ሆኖ «አብሽ...ር» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ገረመኝ። የሚያርስ ገበሬ ገና ከሩቅ ሲሰማኝ እርፉን ለቆ ግንባሩን መሬት አስነካ። ሁለት ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ቦይ ውስጥ ጎንበስ አሉ። አንድ ሽማግሌ ከነጋቢያቸው ቁጥቋጦ ሥር ተጋደሙ። «መምህር የሚከበርበት አገር!» አልኩ በልቤ። ለሁሉም አንገቴን እያጎነበስኩ፣ እጅ እየነሳሁ አለፍኩ። ዛሬ ሳስታውሰው ላቤ ይመጣል።

ግራና ገበያው ሞልቷል። ቁልቁል ስወርድ አንድ ሰው ጆሮውን ቀና አደረገ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች፦

«ድሮን! ድሮን መጣ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባለፈው ጊዜ ያ ድምፅ ከሰማይ ሲመጣ ሰው እንዴት እንደነበረ እኔም አውቃለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። እኔ ደግሞ ልጡን ሠርቼ፣ ክንፍ ገጥሜለት፣ አርባ ስምንት ቮልት ሰጥቼው ገበያ ይዤባቸው መጣሁ! ደነገጥኩና እጀታውን ወደ ላይ ሳብኩት። እጀታው መጣ... ማጥፊያው ግን እዚያው ቀረ። ከባድ ከረንት ብረትን ከብረት ያጣብቃል፤ ምክንያቱን ባስረዳችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ሰሌዳም ጠመኔም አልነበረኝም። ፍሬኑን ያዝኩት፤ ተበጠሰ። ጫማዬን መሬት ላይ አሳረፍኩ፤ ሶሉ ሄደ።

ገበያው በአንድ ትንፋሽ ባዶ ሆነ። ሽንኩርት ተንከባለለ። በግ ሲገበያዩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ገመዱን ሻጭም ሳይለቅ ገዢም ሳይለቅ አብረው ተጋደሙ። አንዱ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከሥሩ ገባ! ያ ሁሉ ሰው ግራና ቀኝ ሲበተን መሐል ላይ አንዲት ሴት ጌሾዋን ከፊቷ ከምራ ተቀምጣለች።

እናቴ።

ልሳቅ ብል እዚህ ጋ ሳቄ ይጠፋል። በዚያ በሸሸን ቀን ያላየሁትን ነገር አየሁት። ሰው ሁሉ ሮጦ እሷ ብቻዋን ስትቀር ይኸን ነው የምትመስለው። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የሚመጣውን እያየች።

እኔም መጣሁ! ቀጥታ ጌሾው ላይ። አንዱ ሽቦ ተበጠሰ፣ ብስክሌቱ ዝም አለ፣ እኔ እስከ ወገቤ ጌሾ ውስጥ ገባሁ። እናቴ ጎንበስ ብላ ፊቴ ላይ የተለጠፈውን ቅጠል አነሳችልኝ።

«አንተ ነህ እንዴ? ኧረ ቀስ በል፣ የተለቀመ ጌሾ ነው!» ደግማ አየችኝ። «ከሳህ።»

ሰው ከየተደበቀበት መውጣት ጀመረ። ከፊት የመጡት የገበያው ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ ናቸው፤ ጋቢያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«አንተ! የይመኙሻል ልጅ፣ መምህሩ አይደለህም?»

«ነኝ አባባ።»

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ብስክሌት ነው።»

«ብስክሌት?! ወላሂ ቦይ ውስጥ ተደፍቼ ሦስት ጊዜ ሸሃዳ ይዣለሁ! ለብስክሌት?»

ሰዉ ከበበኝ። «ይታሰር!» ያለ አለ፤ «መጀመሪያ ይመታ!» ያለም አለ። ባለጃንጥላው ጃንጥላውን አጥፎ ጫፉን ወደ እኔ አዙሯል። እውነታቸውን ነው፤ ፊታቸው ገና አመድ እንደመሰለ ነው። ሼሁ ዞር ብለው እናቴን ያዙ።

«አንቺስ ይመኙሻል? ልደግፍሽ እጄን ስሰጥሽ እምቢ ብለሽ የተቀመጥሽው ምን ተማምነሽ ነው?»

እናቴ ጌሾዋን እየሰበሰበች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፦

«ኧረ ሼህዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ! ሰው ሁሉ ‹ድሮን መጣ፣ ድሮን መጣ› ሲል፣ ‹ድሮ መጣ› ያለ መስሎኝ እኮ ነው። ድሮማ ከመጣ ምን ያስሮጣል? እንኳን ደኅና መጣ ብዬ ተቀመጥሁ!»

አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም። የበጉ ሻጭና ገዢ ገመዱን ይዘው እየተደጋገፉ ሳቁ። ሼህ እንድሪስ የእህል ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ቆይተው ግን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ድሮ...» አሉ ለራሳቸው። «መቼ መጣና!»

ፍርዳቸውን ወዲያው ሰጡ፦ ሽንኩርቱን አንድም ሳይቀር ልለቅም፣ ያችን ክንፍ በገዛ እጄ ልነቅል። ለቀምኩ። ነቀልኩ። አሳቤ እዚያው ግራና ቀረች። ሽቦውን ስቀጥለው ግን ባትሪዎቹ ባዶ ናቸው፤ አዛኑም ቅዳሴውም አልቋል። እናቴ ወንበሩን በእጇ ነካክታ፣ ወዝወዝ አድርጋ መረመረችው።

«መደገፊያ አለው» አለችና ወጣችበት።

እንግዲህ ያ ሦስት ሰው የሚጎትት ሞተር እንደ ድንጋይ ከብዶኝ፣ እናቴን ከላይ አስቀምጬ፣ ባለአንድ ሶል ጫማዬን እየጎተትኩ እስከ መርሳ ገፋኋት። ጠዋት የተደፉት ገበሬዎች አሁን ቀጥ ብለው ቆመው ያዩኛል። እሷ ግራና ቀኝ «እንደምን ዋላችሁ» እያለች ታልፋለች።

«እማዬ፣ ተመቸሽ?»

«ምን ይጎድለኛል! ድሮ አባትህም በበቅሎ እንዲህ አድርጎ ነበር የሚወስደኝ። በቅሎዋ ግን እንዳንተ አታለከልክም።»

ባትሪዎቹን በቀጠሮው መለስን። ሙአዚኑ ጉሮሮው ተዘግቶ በእጁ ነው ያመሰገነን። መሪጌታም ስሜን በድምፅ ማጉያ አልጠሩም፤ ባትሪው ባዶ ነበራ! በዚያ ክረምት ጦርነቱ መርሳ ሳይደርስ ተመለሰ። ቢደርስም አንድ ላይ ነበርን፤ እኔ የምፈልገውም እሱን ነው። እናቴ አሁን ከእኛ ጋር ናት። በመጣች በሳምንቷ የጓዳውን ሶኬት ማን እንደሠራው አትጠይቁኝ፤ ዘርፌ ስትሠራ እናቴ የእጅ ባትሪ አብርታላታለች።

እኔ ግን እስከ ዛሬ ግራና ገበያ ብቅ ስል ሰው በጣቱ እየጠቆመ «ድሮን አመጣብን!» ይለኛል። ቤቴ ስገባ ደግሞ እናቴ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ትመርቀኛለች፦

«ተባረክ ልጄ! ድሮን አመጣልን።»